ሐረጎ ላይ የያዝኩት ገመድ

ቁርሱን የከፈሉት ጋሼ ናቸው። 1,650 ብር። ለአስራ አንድ ሰው ፉል፣ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ሻይ፣ ለሁለት ስግብግቦች ደግሞ ተጨማሪ ስፕሪስ። ብሩን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ጣታቸውን በምራቅ አረሱ፣ አንድ በአንድ ቆጥረው ከፈሉ። እየሳቁ። የሩጫና የብስክሌት ውድድራችን ደንብ ነበር፤ መጨረሻ የገባ ሰው ቁርስ ይጋብዛል። እሳቸው አስራ አንደኛ ገቡ። እኔ አስረኛ።

ይህ ከሆነ አራት ወር ሊሞላው ነው። ያቺ 1,650 ብር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ አልገጥም ያለ ቁጥር ሳሳድድ እውላለሁ። አምስት ብር ስትጎድል እንኳ አልጋዬ ድረስ ትከተለኛለች። የዚህኛው ጉድለት ደግሞ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። የት ጋ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ ነው፤ አንዷ ኩርባ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ።

## ቦርከና ውስጥ አንዋኝ ነገር

እሁድ እሁድ ጠዋት አብረን የምንሮጥ ሰዎች ነን። ግማሻችን የኮምቦልቻ፣ ግማሻችን የደሴ። አስተማሪ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራ አለ። ሁለት ሴቶች አሉን፤ ሁለቱም እኔን ጥለውኝ ነው የሚሄዱት። አትሌት የሚባል ሰው ግን በመሃላችን የለም።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ዱአትሎን አይቶ መጣ። ሩጫ፣ ብስክሌት፣ እንደገና ሩጫ። ትራያትሎን ከሚባለው ላይ ውሃው ተቀንሶ ሩጫው ሁለቴ የሆነበት ነው። ደስ አለን። ዋና ቢኖርበት የት ልንዋኝ ነበር? ቦርከና ወንዝ ውስጥ? መደበኛው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ መጨረሻ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ድሮ ባያትሎን ነበር የሚሉት፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ዒላማ ከሚተኩሱት ጋር ስሙ ሲምታታ ነው የቀየሩት። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዞፊንገን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ አንድ የታወቀ ውድድር አለ። ለብዙ ዓመታት እዚያ 10 ኪሎ ሜትር ተሮጦ፣ ኮረብታ ለኮረብታ 150 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተሄዶ፣ በዚያ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ልጁ ይህን ሲነግረን ሻይ ይዘን ነበር። ዝም አልን። ባጃጅ ነጂው ነው ዝምታውን የሰበረው። «እኛ ትንሽ ቀነስ እናርገው» አለ።

ቀነስነው። ኮምቦልቻ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ብስክሌት፣ ደሴ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። አንደኛ ለወጣ ሽልማት የለም። መጨረሻ የገባ ቁርስ ይጋብዛል። የቁርሱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ጋሼ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ናቸው። 57 ዓመታቸው ነው። ሩጫ ላይ ቀላል ሰው አይደሉም፤ ሜዳ ላይ ከእኔ እኩል ናቸው፣ እየደከመኝ ስሄድ ደግሞ ይበልጡኛል። ብስክሌታቸው ግን ማርሽ የሌለው አሮጌ ፎኒክስ ነው። ኮርቻው ሥር ያለው ሞላ በየመርገጫው ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ገና ሳይደርሱ መምጣታቸው ይሰማል።

የደረት ቁጥራችንንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከኮት ገበር ቁርጥራጭ፣ ቁጥሩን በቀይ ክር ሰፍተው፣ ጠርዙን ሁሉ ዘምዝመው። «ወረቀት በላብ ይበላሻል» አሉ። የእኔ 7 ቁጥር ነበረች። ውስጥ ያለውን ስፌት ገልብጬ አየሁት፣ ከውጪው እኩል ንጹህ ነው። ማንም የማያየው ነገር ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ይገርመኛል።

## አማካይ ውሸታም ነው

ከውድድሩ በፊት የሠራሁት ዝግጅት ምን ነበር ብትሉኝ፣ ሂሳብ ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ። ልዩነቱ 650 ሜትር። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር። ሲካፈል በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይመጣል። ካልኩሌተሩን ለባለቤቴ አሳየኋት። «ይሄ ዳገት ይባላል?» አልኳት።

እሷ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት። ካልኩሌተሩን ገረፍ አድርጋ አየችና «ሐረጎን በሚኒባስ ስትወጣው ጆሮህ ይደፈን የለ?» አለችኝ።

ይደፈናል። አማካይ ውሸታም ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው የምናገረው። ዳገቱ 25ቱ ኪሎ ሜትር ላይ እኩል ተካፍሎ አይጠብቅም። ተጠራቅሞ ሐረጎ ላይ ነው የሚጠብቅ። ሐረጎ ሲባል ሌላ ትዝታ የሚመጣበት ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አለኝ። ዛሬ ስለ ብስክሌት ብቻ ነው የማወራው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ እሁድ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። መኪና ሳይበዛ ብለን ነው። የኮምቦልቻ ጠዋት ለሩጫ የሚሆን ነው፤ አይበርድም፣ ገና አይሞቅም። ሜዳ ነው። እኔም ሜዳ ሳይ ራሴን አላውቅም። አምስቱን ኪሎ ሜትር ከአቅሜ በላይ በረርኩት። አራተኛ ሆኜ ነው ብስክሌቶቹ የቆሙበት ቦታ የደረስኩት። አራተኛ! እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ብስክሌቴን አፈፍ አድርጌ ስሮጥ፣ ቁጥር የምትይዘው ልጅ «ሄልሜት!» ብላ ጮኸችብኝ። ዱአትሎን ላይ ሄልሜቱን አገጭ ሥር ሳይቆልፉ ብስክሌት መንካት ክልክል ነው፤ ይህን ደንብ እኛም ወስደነዋል። (ባጃጅ ነጂው የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጎ ነው የተወዳደረው፤ ሐረጎ ላይ ጭንቅላቱ ሊቀቀል ነበር።) ተመለስኩ። ስመለስ ኮዳዬ ወደቀ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ በሶዬ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። ያቺ የተረቷ ሴት ቢያንስ ያፈሰሰችውን ለቅማለች። በሶ አይለቀምም።

ከዚያ አንድ በአንድ አለፉኝ። አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ። ዳገቱ ሲጀምር አስረኛ ነበርኩ። ከኋላዬ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲጥ፣ ሲጥ።

## ገመዱ

እስቲ ቀስ ብዬ ልናገረው።

መንገዱ ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ አሁንም ይታጠፋል። ወደ ኋላ ብታይ ኮምቦልቻ ታች ተዘርግታለች፤ የፋብሪካው ጣሪያ ሁሉ ፀሐይ እየነካው ያበራል። እኔ አላየሁም። የማየው የፊት ጎማዬን ነው። የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በታች የለም። አውራ ጣቴ ግን አሥር ጊዜ ማርሹን ይጫነዋል፣ ሌላ ካለ ብሎ። ካቴናው ይንቋረራል። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። ከእግረኛ ብዙም አልፈጥን። ከመንገዱ ዳር አንድ ልጅ ሁለት ፍየሎች እየነዳ ከእኔ እኩል ይሄዳል። ሰላም አለኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጣሁ።

ከኋላ ሲጥ ሲጡ እየቀረበ ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት፣ የ57 ዓመት ሰው። ቆመው ነው የሚረግጡት፣ ሞላው ባይጫንም ይጮሃል።

ያኔ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ ልወርድ ነው። እግሬ አበቃ። ሁለተኛ፣ ስወርድ ጋሼ ያዩኛል።

መኪናው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ተሳቢ ነው፣ ሸራ የለበሰ፣ ከባድ ነገር የጫነ። በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ አጠገቤ ደረሰ። ጭሱ ሞቅ ብሎ ፊቴን መታኝ። አካሉ በጎኔ አለፈ፣ አለፈ፣ አላልቅ አለ። መጨረሻው ላይ ሸራውን ያሰሩበት ገመድ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ቋጠሮ አለው። ከስፖንዳው ላይ ይወዛወዛል። ከኋላው የተጻፈ ነገርም ነበር፤ ከዓይኔ ፊት ሆኖ አላነበብኩትም። ምን ይሆን እያልኩ እስካሁን ላስታውሰው እሞክራለሁ።

እጄ ያዘው።

በልጅነታችን ይሄ ሥራችን ነበር። ኮምቦልቻ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ያውቀዋል። የተከራየነውን ብስክሌት ይዘን መውጫው ላይ እንጠብቃለን፣ የጫነ መኪና ሲያቃስት ኋላውን እንይዛለን፣ እየጎተተ ያወጣናል። ከዚያ ለቀን በቁልቁለቱ መብረር ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ጠግኖለት እንኳ እንዳልተቃና ቀርቷል። እኛ ግን በሳምንቱ ተመልሰን ያዝን። እናም ለሦስት ወር ያህል ለራሴ ስነግረው የነበረው ይህን ነው፦ የልጅነት አመል ነው፣ እጄ ነው የያዘው፣ እኔ አይደለሁም። «እጄ ያዘው»። ልብ በሉ፣ አሁንም ከላይ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። «ያዝኩት» የምትለዋን ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ ፈጀብኝ።

ያዝኩት። ወደ 400 ሜትር ጎተተኝ። ትከሻዬን ሊነቅለው ነበር፣ መዳፌ ተላጠ፣ ብስክሌቱ በአንድ እጅ መሪ ወዲያ ወዲህ ይላል። እግሬ ግን አረፈ። ያ እረፍት እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ከኩርባው ቀጥሎ አንድ ልጃችን ውሃ ይዞ እንደሚጠብቀን አውቅ ነበር። ገመዱን የለቀቅኩት ልጁ ከመታየቱ በፊት ነው። መቶ ሜትር ሲቀረኝ ለቀቅኩ፣ አጎነበስኩ፣ መርገጥ ጀመርኩ፣ ፊቴን እንደ ደከመ ሰው አጨማደድኩ። ልጁ «አይዞህ! ወጣኸውኮ!» ብሎ ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ ናት። መያዙንስ ለእጄ ሰጠሁት እንበል። እጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ማን ነገረው?

## 40 ሴኮንድ

ደሴ ብርዷን ይዛ ጠበቀችን። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ብስክሌቱን አስቀምጬ ለመሮጥ ስነሳ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ከብስክሌት ወደ ሩጫ ሲለወጡ እንዲህ ነው። እግር ሲያሽከረክር የቆየበትን ልማድ ቶሎ አይተውም፣ መሬቱን ሲመታው ይደነግጣል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራውን ልምምድ ፈረንጆች «ጡብ» ይሉታል። ስም አወጣጥ ያውቃሉ። በዚያ ላይ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እኛ ለምደነዋል ይባላል። የለመደው ሳንባዬ ይህን አላወቀም።

ጋሼ ግን ሩጫ ላይ ናቸው እንግዲህ። ዞር ስል ቀይ ክር ያለበት ደረታቸው ይታየኛል። ዞር ስል ቀርቧል። መጨረሻው ከአይጠየፍ ኮረብታ ሥር ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ለማብላት ያሠሩት አዳራሽ፣ ስሙ ራሱ ማንንም አይጠየፍም የሚል። እዚያ ሥር በ40 ሴኮንድ ቀድሜያቸው ገባሁ። መሬት ላይ ተዘረርኩ። እሳቸው መጥተው ከላዬ ቆሙና እጃቸውን ሰጡኝ። የሰጠኋቸው የተላጠውን እጄን ነው።

ፉል ቤት ውስጥ ለሁሉም ሰው የነገሩት ታሪክ ይህ ነው። «እኔማ ሐረጎ ላይ ወርጄ ገፋሁ፣ ምን ላርግ። ይሄ ልጅ ግን! ከታች ሆኜ አየዋለሁ፣ መኪና መጣና ከለለው። መኪናው ሲያልፍ ላይ ወጥቶ አየሁት። ወላሂ፣ ፍየል ነው።» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። አላመጥኩት። ማላመጡን ረዘም አደረግኩት።

ሂሳቡ ይኸው። 400 ሜትሩን በራሴ ብሄደው ቢያንስ 4 ደቂቃ። መኪናው 2 ደቂቃ አደረሰኝ። ትርፍ 2 ደቂቃ። ጋሼን የቀደምኩት በ40 ሴኮንድ።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ስልኬ ላይ ጓደኛ ፍለጋ ገባሁ። የወንጀል ጓደኛ ማለቴ ነው። አገኘሁ። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የቱር ደ ፍራንስ፣ የፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ አሸናፊ ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ኒባሊ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ስፔን ውስጥ ቩዌልታ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ላይ የቡድኑን መኪና ተደግፎ ሲጎተት ታየና ተባረረ። ያጋለጠው ከሄሊኮፕተር የተቀረጸ ምስል ነው። ሐረጎ ላይ ሄሊኮፕተር የለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት በሙሉ ተሰርዘዋል፤ በዚያ ዓመት ባቡር የተሳፈረ አለ ተብሎም ተከሷል። በዚያው በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ፍሬድ ሎርዝ የሚባል አሜሪካዊ የማራቶኑን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ በመኪና ሄዶ፣ መኪናው ሲበላሽ ወርዶ እየሮጠ ስታዲየም ገባ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ሲነቃበት «ቀልዴን ነው» አለ። በዓመቱ ደግሞ የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ፣ ይሄኛውን በእግሩ።

ለሁለት ቀን ያህል ቀለለኝ። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር 400 ሜትር ምንድን ናት? ግን ከእነሱ ማንም ሰው ጋሼን ቁርስ አላስከፈለም።

የባሰው ደግሞ ደንቡን ያነበብኩ ቀን ነው። በዓለም ትራያትሎን ደንብ መሠረት፣ ብስክሌቱ አብሮህ እስካለ ድረስ ወርደህ መግፋት ትችላለህ፣ መሸከምም ትችላለህ። ነውር የለውም። ሩጫው ላይም መራመድ ይፈቀዳል። መዳህ ብቻ ነው ክልክሉ። እኔ ጋሼ እንዳያዩኝ የፈራሁት ነገር፣ ብስክሌት መግፋት፣ የተፈቀደ ነው። እሳቸው እያፈሩ የነገሩን ነገር የተፈቀደ ነው።

## ሱሪው

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ሲያድር ጭራሽ ደፈረሰ። አንድ ቅዳሜ ካቴና የቀደደብኝን ሱሪ ይዤ፣ ያ ሰበብ ሆኖኝ፣ ደሴ ወጣሁ። ሚኒባሱ ያቺን ኩርባ ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሼ ሱሪውን ሰፉልኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ደንበኛ ገባ። ሒሳብ ልከፍል ስል «ሂድ ወዲያ፣ ካንተ ነው ገንዘብ የምቀበለው?» አሉኝ። ሱሪዬን ይዤ፣ ዕዳዬን ጨምሬ ወረድኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰበብ አልያዝኩም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናው፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ ያለቁ ኮቶች። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መኪናውን፣ ገመዱን፣ ቋጠሮውን፣ ውሃ የያዘው ልጅ ሳያየኝ መልቀቄን። እግራቸው ፔዳሉን እየረገጠ ነበር። ሳወራ ቆመ።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» አሉ።

ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ ወይ ይስቃሉ ብዬ። «ከበደኝ» አልኩ።

«አንተን ከበደህ። እኔን ደግሞ እንዲህ አድርጎኛል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ያን ኩርባ መውጣትህን ሳይ፣ ለካ ይወጣል አልኩ። ያንተ ቦርጭ ከወጣው የእኔ እግር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፔዳል ላይ ነው የኖረው። የብስክሌቴን የኋላ ጥርስ በትልቅ አስቀየርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሱቅ ሳልከፍት በፊት እወርድና እሱን እወጣለሁ። መጀመሪያ እግሬን መሬት ሳላስነካ ግማሹን። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ጨረስኩት።»

«ወጡት?»

«ወጣሁት እንጂ። ልነግርህ እሁድን እየጠበቅኩ ነበር። እኔና አንተ ብቻ ነን የወጣነው ልልህ።»

እኔ ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ሦስቴ ሞክሬ አጠፋሁት። ደስታ ነበረበት። ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽም። እኔ ያልወጣሁትን ዳገት እኔን አይተው ወጡት።

1,650 ብሩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ለመለመን ተዘጋጅቼ ነበር። ጣታቸውን በምራቅ አረሱ፣ ቆጠሩ፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «የሱሪውን ደግሞ 150» አሉ። ከፈልኩ።

«እሁድ 12 ሰዓት ና» አሉኝ። «ለማንም አትንገር፣ ሁለታችን ብቻ።» (ይኸው እየነገርኩ ነው። ጋሼ ስልካቸው የድሮው ባለ ቁልፍ ነው፣ አያነቡትም። ልጃቸው ግን ታነባለች፤ እባክሽ።)

ያለፈው እሁድ ሄድን። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ጎን ለጎን ነበርን። ቦርከና ታች ይሰማል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ በሶዬ በኮዳዬ ውስጥ በሰላም አለ። ኩርባው ሲደርስ ጋሼ ከኮርቻው ተነሱ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ራቁኝ። ጀርባቸው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እንደ ስፌት መኪና ሳይፈጥን ሳይዘገይ ወጣ። እኔ የፍየሎቹ ልጅ ሰላም ያለኝ ቦታ ድረስ ደረስኩ። ትንሽም አለፍኩ። ከዚያ እግሬ አበቃ። ወረድኩ። መግፋት ጀመርኩ።

ከላይ የብስክሌታቸውን ቃጭል ሰማሁ። ቀና ስል ኩርባው ጫፍ ላይ ቆመዋል፣ አንድ እግራቸውን መሬት ተክለው፣ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ኋላ ወደ ታች እያዩ። ከታች አንድ ነገር ያቃስታል። ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው ጮኹ።

«አንተ ልጅ! ተሳቢ መጣልህ!»